እርጥቡን እህል ወደ ላይ፦ ገበያ የሚደብቀው ነገርና የሒስባ ታሪክ

 ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሃቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬውን ርእስ የሰጠኝ አንድ ማር የሚነግድ ወጣት ነው። ከዒሻ ሰላት በኋላ ሰው እስኪወጣ ጠብቆ ቀረበኝና፣ “ኡስታዝ፣ ጊዜ ካለዎት አንድ ነገር ላስቸግርዎት” አለኝ። ማሩን የሚያመጣው ከገጠር፣ ከሚያውቃቸው አናቢዎች ነው። በአካባቢው ያሉ ሌሎች ሱቆች ግን ስኳር አፍልተው ይቀላቅላሉ። ገዢው ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያይ መለየት አይችልም። “እኔ ዋጋዬን ስናገር ሌባ ይሉኛል፤ የሚቀላቅለው ደግሞ በርካሽ ስለሚሸጥ ደግ ነጋዴ ይባላል። አሁን ወይ እንደነሱ ልቀላቅል ነው፣ ወይ ሱቁን ልዝጋ ነው። ሦስተኛ መንገድ ካለ ይንገሩኝ” አለኝ።

እኔም ሰብር እንዲያደርግ፣ ሪዝቅ ከአላህ እንደሆነ ነግሬ ሸኘሁት። ቃሉ እውነት ነው። ወደ ቤት ስሄድ ግን ልቤ አልረጋም። ወጣቱ የመጣው የሰብር ትርጉም ጠፍቶበት አልነበረም። የጠየቀኝ ሐቀኛ ሰው በገበያ ውስጥ የሚቆምበት መሬት አለው ወይ ብሎ ነው። ኪታቦቹን መልሼ ስመለከት ታሪካችን ለዚህ ጥያቄ ከምክር ያለፈ መልስ እንዳለው አየሁ። የተማርኩበት ኮሌጅ የኢኮኖሚክስ መጽሐፍም ይህንኑ ጥያቄ በሌላ ቋንቋ ያነሳው ነበር። ዛሬ ሁለቱን አገናኝቼ ላቀርብላችሁ እሞክራለሁ፣ ኢንሻአላህ።

በመዲና ገበያ የነበረው ክምር

ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ታሪክ ነው። ሰሂሕ ሙስሊም ውስጥ ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) እንደተላለፈው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር አዩ። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሲሰዱ ጣቶቻቸው እርጥበት አገኙ። ባለቤቱን ምን እንደሆነ ጠየቁት፤ ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ወደ ላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁትና የሚያጭበረብር ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ።

ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው የማታለልን ወንጀልነት ለማሳየት ነው። ዛሬ ግን አንድ ሌላ ነገር እንመልከት። ዝናቡ የነጋዴው ጥፋት አልነበረም። እርጥብ እህል መሸጥም አልተከለከለም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እህሉን ጣለው አላሉትም፤ በዚህን ያህል ሽጠው ብለውም ዋጋ አልቆረጡለትም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ እርጥቡ ወደ ላይ ይውጣ። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢውም ይወቀው። ከዚያ በኋላ ዋጋውን ሁለቱ ይነጋገሩበታል።

ከዚህ ጎን ሌላ ክስተት እናስቀምጥ። አነስ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት በመዲና የዕቃ ዋጋ ናረና ሰዎች ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ዋጋ እንዲተምኑላቸው ጠየቋቸው። እርሳቸው ግን ዋጋን የሚያወጣና የሚያወርደው አላህ መሆኑን ገልጸው፣ በደም ወይም በገንዘብ በደል ማንም ሳይጠይቃቸው ጌታቸውን መገናኘት እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ሁለቱን ሐዲሶች አንድ ላይ ስናነብ ትልቅ ትምህርት እናገኛለን። ዋጋ ለመተመን የተቆጠበው ያ እጅ፣ የተደበቀውን ለማውጣት ግን ክምሩ ውስጥ ገብቷል።

አንዱ የሚያውቀውን ሌላው ሳያውቀው ሲቀር

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በንግድ ላይ የደነገጓቸውን ክልከላዎች በዚህ ዓይን ብንመለከታቸው አብዛኞቹ አንድ በሽታ የሚያክሙ ሆነው እናገኛቸዋለን። እርሱም አንዱ ወገን የሚያውቀውን ሌላው አለማወቁ ነው።

የመጀመሪያው ሲራራ ነጋዴዎችን ከከተማ ወጥቶ በመንገድ ላይ መቀበል ነው፤ በዐረብኛ ተለቂ ይባላል። ከሩቅ የመጣ ነጋዴ የከተማውን የዕለት ዋጋ አያውቅም። ከተሜው ቀድሞት መንገድ ላይ ቢጠብቀው በርካሽ ይወስድበታል። ስለዚህ ነገሩ ተከለከለ። ይህ ሆኖ ከተገኘም ባለዕቃው ገበያ ደርሶ ዋጋውን ሲያውቅ ሽያጩን የማጽናት ወይም የማፍረስ ምርጫ ተሰጠው። እዚህ ላይ የማያውቀው ሻጩ መሆኑን ልብ በሉ። ሸሪዓው የሚጠብቀው ገዢን ብቻ ሳይሆን የማያውቀውን ወገን ነው። በአገራችን የገጠር ገበሬ ከገበያው መግቢያ ላይ ደላላ ሲከበው ያየ ሰው ይህ ክልከላ ለምን እንደመጣ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው የምትታለብ እንስሳን ለቀናት ሳያልቡ ግቷ እንዲሞላ አድርጎ ለገበያ ማቅረብ ነው። ገዢው ግቷን አይቶ ወተታም ትመስለዋለች፤ ቤቱ ወስዶ ሲያልባት ነው እውነቱን የሚያውቀው። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው ገዢው ካለባት በኋላ ከፈለገ ያስቀራታል፤ ካልፈለገ ከአንድ ሳዕ ተምር ጋር ይመልሳታል። በአንድ ዘገባ ለዚህ ሦስት ቀን ተሰጥቶታል። ተምሩ ላለበው ወተት ምትክ ነው፤ ስለዚህ ሻጩም አይበደልም። ዛሬ በአንዳንድ ዕቃ ላይ የምናየውን የዋስትና ጊዜ የሚመስል ነገር ያኔ በግመል፣ በበግና በፍየል ላይ ተደንግጎ ነበር።

ሦስተኛው ነጅሽ ነው። መግዛት ሳይፈልግ ገዢ መስሎ ዋጋ እየጨመረ ሌላውን የሚያታልል ሰው ሥራ ነው። ገዢው የሌሎችን ፍላጎት አይቶ ዕቃው ጥሩ ነው ብሎ ይገምታል። ነጅሽ ይህን ምልክት ሐሰት ያደርገዋል።

ሐኪም ቢን ሒዛም (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ሐዲስም ሻጭና ገዢ እስኪለያዩ ድረስ ምርጫ እንዳላቸው ይገልጽና፣ እውነት ተናግረው ያለውን ነገር ግልጽ ካደረጉ ንግዳቸው በረካ እንደሚያገኝ፣ ደብቀው ከዋሹ ግን በረካው እንደሚጠፋ ያስተምራል። ፉቀሃዎች ከነዚህ መሠረቶች ተነስተው የኺያርን፣ ማለትም የመምረጥን ምዕራፎች ዘረጉ። ኢብኑ ቁዳማ በ“አል ሙግኒ” በዋጋ የተታለለ ሰው ሽያጩን ማፍረስ የሚችልባቸውን ሦስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ ከተለቂና ከነጅሽ ቀጥለው ሙስተርሲልን ያስቀምጣሉ። ሙስተርሲል ዋጋ የማያውቅ፣ መከራከር የማይችል፣ ሻጩን አምኖ የሚገዛ ሰው ነው። በገበያ ሰው ዘንድ እንዲህ ዓይነቱ ሰው “የዋህ” ተብሎ ይሳቅበታል። በፊቅህ ግን መብት ያለው ሰው ነው።

ከምክር ወደ ሹመት

መዲና ትንሽ ከተማ ነበረች። ኢስላም ወደ ዒራቅ፣ ወደ ሻም፣ ወደ ግብፅ ሲሰፋ ግን ሻጭና ገዢ የማይተዋወቁባቸው ትልልቅ ገበያዎች መጡ። በዚህ ጊዜ የገበያ ሹም አስፈለገ። ዑመር ቢን ኸጣብ (ረ.ዐ.) በገበያ እየተዘዋወሩ ይቆጣጠሩ እንደነበር የታወቀ ነው። ሺፋእ ቢንት ዐብዲላህ የተባለችውን የተማረች ሰሃቢያ በገበያ ጉዳይ ላይ እንደሾሟት የሚዘግቡ አሉ፤ ዘገባውን የማይቀበሉ ዑለሞችም አሉ። በዐባሲዮች ዘመን ሹመቱ ሒስባ፣ ሹሙም ሙሕተሲብ የሚል ስም ይዞ ጸና። በአንደሉስ ደግሞ የገበያ ባለቤት የሚል ትርጉም ባለው ሳሒቡ ሱቅ በሚለው ስም ለረጅም ጊዜ ቆይቷል።

ቃዲ እያለ ሙሕተሲብ ለምን አስፈለገ? በ1058 እ.ኤ.አ. ያረፉት አል ማወርዲ የሁለቱን ልዩነት በዝርዝር ጽፈዋል። ቃዲ ከሳሽ ቀርቦ አቤት ሲል ይሰማል። ሙሕተሲብ ግን ከሳሽ ባይኖርም ራሱ ገበያ ወጥቶ ይመረምራል። ይህ ልዩነት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ለምን እንደሆነ እስቲ እናስብ። የተቀላቀለ ማር የገዛ ሰው መታለሉን ካላወቀ ማንን ይከሳል? በድብቅ ነገር የተበደለ ሰው መበደሉን ስለማያውቅ ፍርድ ቤት አይሄድም። ስለዚህ ክሱን የማይጠብቅ፣ ቀድሞ የሚሄድ ሹም ያስፈልጋል። አል ማወርዲ ወሰኑንም አስቀምጠዋል። የሙሕተሲብ ሥራ በግልጽ በሚታይ ጥፋት ላይ እንጂ በሰው ቤት ገብቶ ገመና በመበርበር ላይ አይደለም።

ይህ ሹመት የራሱን ኪታቦች ወለደ። በ901 እ.ኤ.አ. ያረፉት ማሊኪው ያሕያ ቢን ዑመር ስለ ገበያ ሕግጋት ጻፉ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አል ሸይዘሪ ለሙሕተሲብ መመሪያ የሚሆን ኪታብ አዘጋጁ። በ1329 ያረፉት የግብፁ ኢብኑል ኡኹዋም ይህንኑ አስፋፉት። እነዚህን ኪታቦች የከፈተ ሰው የዛሬን ገበያ ያነበበ ይመስለዋል። ዳቦ ጋጋሪ፣ ወተት ሻጭ፣ ሥጋ ሻጭ፣ መድኃኒት ቀማሚ፣ ገንዘብ መንዛሪ ሁሉም ምዕራፍ ምዕራፍ አላቸው። በየምዕራፉ ማጭበርበሪያውና መፈተሻው ጎን ለጎን ተጽፏል። ለምሳሌ ወተት ውኃ ገብቶበት እንደሆነ ለማወቅ ፀጉር ነክሮ ማውጣት ነው፤ ወተቱ ፀጉሩ ላይ ካልያዘ ውኃ አለበት ማለት ነው።

አል ሸይዘሪ አንድ ችግር በግልጽ ይቀበላሉ። አንድ ሙሕተሲብ የሁሉንም ሙያ ሚስጥር ሊያውቅ አይችልም። መፍትሔው በየሙያው ዓሪፍ መሾም ነው። ዓሪፍ ከዚያው ሙያ የተገኘ፣ ሥራውንና ማጭበርበሪያውን የሚያውቅ፣ በታማኝነቱ የተመሰከረለት ሰው ነው። መንግሥት የማያውቀውን ከሚያውቁት ይማራል ማለት ነው።

የባግዳድ ሐኪሞች ፈተና

ድብቅ ዕውቀት ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው በሕክምና ነው። ማር የገዛ ሰው ቢያንስ ይቀምሳል፤ ታማሚ ግን የሐኪሙን ችሎታ በምን ይለካዋል? በ931 እ.ኤ.አ. በባግዳድ አንድ ሰው በሐኪም ስህተት መሞቱ ለኸሊፋው አል ሙቅተዲር ተነገራቸው። ኸሊፋውም ሲናን ቢን ሣቢት የተባለው ዋና ሐኪም ያልፈተነው ሰው እንዳይሠራ ሙሕተሲቡን አዘዙ። በችሎታቸው ዝናቸው የታወቀና የቤተ መንግሥት ሐኪሞች ሲቀሩ በባግዳድ ሁለቱም ወገን ከ860 በላይ ሰዎች እንደተፈተኑ የሐኪሞችን ታሪክ የጻፉት ሰዎች መዝግበዋል።

በዚሁ ታሪክ ውስጥ የሚያስቅም የሚያስተምርም ነገር አለ። አንድ ግርማ ሞገስ ያለው፣ ያማረ ልብስ የለበሰ ሽማግሌ ለፈተና ቀረበ። ሲናን አክብሮ አስቀመጠውና ከማን እንደተማረ ጠየቀው። ሽማግሌው ወርቅ አውጥቶ ፊቱ አስቀመጠና ማንበብና መጻፍ በደንብ እንደማይችል፣ ቤተሰብ እንዳለውና እንጀራውን እንዳይቆርጥበት ለመነው። ሲናን ሳቀ። ከዚያ በኋላ የማያውቀውን በሽታ እንዳይነካ፣ ለቀላል ሕመም ካልሆነ በቀር ደም እንዳያወጣና ጠንካራ የሚያስቀምጥ መድኃኒት እንዳያዝ ገድቦ ፈቀደለት። በማግስቱ አንድ ወጣት መጣ። ከማን ተማርክ ሲባል ከአባቴ አለ፤ አባቱ የትናንቱ ሽማግሌ ሆኖ ተገኘ። ሲናንም ከአባቱ መንገድ እንዳያልፍ ነግሮ አሰናበተው።

ፈተናው ፍጹም እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ቢሆንም ታማሚው ራሱ ሊያደርገው የማይችለውን ምርመራ የሚያውቅ ሰው በርሱ ፋንታ አደረገለት።

ጠባቂው ራሱ ሲሸጥ

ወንድሞችና እህቶች፣ ታሪካችንን ስንናገር ያማረውን ብቻ መርጠን ብንናገር እኛም እርጥቡን ከታች ደረቁን ከላይ አደረግን ማለት ነው። ስለዚህ የወደቅንበትንም እንናገር።

ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ አል መቅሪዚ (ከ1364 እስከ 1442) እርሳቸው ራሳቸው የካይሮ ሙሕተሲብ ነበሩ፤ መጀመሪያ የተሾሙት በ1399 ነው። በ1405 አካባቢ ግብፅን ስለመታው ረሃብና የዋጋ ንረት በጻፉት ኪታብ ጥፋቱን በናይል መጉደል ብቻ አላሳበቡም። ከሦስት ዋና ምክንያቶች የመጀመሪያው ሹመት በጉቦ መገዛቱ ነው ብለዋል። ሌሎቹ የመሬት ኪራይ መወደድና የመዳብ ገንዘብ መብዛት ናቸው። ሒስባም ሆነ የቃዲነት ሹመት በገንዘብ ይገኝ ነበር። ሹመቱን ገንዘብ ከፍሎ ያገኘ ሰው ደግሞ የከፈለውን ከሕዝብ ላይ መልሶ ይሰበስባል።

እዚህ ላይ በሽታው ተመልሶ መጣ። ሕዝቡ ሻጩን መመርመር ስለማይችል ሙሕተሲብ ተሾመለት። ሙሕተሲቡን ግን ማን ይመረምረዋል? ሻጭና ሹም ሲስማሙ ገዢው ከበፊቱ የባሰ ይታለላል፤ አሁን የሚያየው ማኅተም አለና። የሐሰት ማኅተም ካለበት ማር ምንም ማኅተም የሌለበት ይሻላል፤ ማኅተም የሌለበትን ቢያንስ እንጠራጠረዋለን።

የኢኮኖሚ ምሁራን የደረሱበት

አሁን ወደ ኮሌጁ መጽሐፍ እንምጣ። በ1970 እ.ኤ.አ. ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። ሦስት መጽሔቶች ሳይቀበሉት ቀርተው በአራተኛው ነው የወጣው። በ2001 ግን ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር በዚህ ጉዳይ የኖቤል ሽልማት ተሸለመ።

ሐሳቡን በማር ላስረዳችሁ። ንጹሑ ማር 600 ብር፣ የተቀላቀለው 300 ብር ያወጣል እንበል። ገዢው መለየት ካልቻለ ምን ያደርጋል? መሐሉን ይዞ 450 ይሰጣል። በ450 ንጹሕ ማር የሚሸጥ ይከስራል፤ ሱቁን ይዘጋል። የሚቀላቅለው ግን ይደሰታል፤ ብዙ ያመጣል። ቀስ በቀስ ገዢው ገበያው ውስጥ የቀረው የተቀላቀለ መሆኑን ሲያውቅ ከ300 በላይ መስጠቱን ያቆማል። መጨረሻ ላይ 600 ሊከፍል የተዘጋጀ ገዢ አለ፣ በ600 ሊሸጥ የተዘጋጀ ሐቀኛ ነጋዴም አለ፤ ሁለቱ ግን አይገናኙም። ገበያው ወደቀ የሚባለው ይህ ሲሆን ነው። የመጀመሪያው ተጎጂም ሐቀኛው ነጋዴ ነው። ያ ወጣት በመስጂዱ ጥግ የነገረኝ በትክክል ይህንኑ ነበር።

አከርሎፍ በዚያው ጽሑፍ የሕንድ እመቤቶች ከገበያ በገዙት ሩዝ ውስጥ ሆን ተብሎ የተጨመረን ጠጠር መልቀም እንዳለባቸው ያነሳል። ጤፍና ምስር የሚለቅሙ እናቶቻችን ይህን ለማወቅ ምሁር አያሻቸውም። አጭበርባሪ ያደረሰው ኪሳራ ገዢው የተታለለበት ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ከገበያ የተባረረው ሐቀኛ ንግድም ከኪሳራው ይቆጠራል።

የዘመናችን መንግሥታትም ይህን የተማሩት ብዙ ጊዜ ሰው ከሞተ በኋላ ነው። አሜሪካ በ1906 የምግብና የመድኃኒት ሕግ አወጣች። ሕጉ ግን መድኃኒት ከመሸጡ በፊት እንዲመረመር አያስገድድም ነበር። በ1937 መርዛማ ፈሳሽ የገባበት መድኃኒት ከ100 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። አምራቹ በሕግ ሊጠየቅ የቻለው ሰው በመግደሉ ሳይሆን በስያሜው ነው፤ ስሙ አልኮል እንዳለው የሚያመለክት ሆኖ ሳለ አልኮል አልነበረውም። በዓመቱ፣ በ1938፣ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ጉዳት የሌለው መሆኑ እንዲረጋገጥ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ።

በ2008 ደግሞ ቻይና ውስጥ ወተት በውኃ የሚያቀጥኑ ሰዎች መፈተሻውንም አወቁበት። ምርመራው የወተቱን ፕሮቲን የሚገምተው በውስጡ ባለው ናይትሮጅን ስለነበር ሜላሚን የተባለ የፋብሪካ ኬሚካል ጨመሩበት። ምርመራው ወተቱን አሳለፈው። ስድስት ሕፃናት ሞቱ፤ 300 ሺህ ገደማ ታመሙ። ፀጉር ከሚነከርበት ዘመን እስከ ቤተ ሙከራ ድረስ ነገሩ አንድ ነው። መፈተሻ ሲወጣ አጭበርባሪው መፈተሻውን ያጠናል። ስለዚህ ጥበቃ አንዴ ተሠርቶ የሚተው ሥራ አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመጣ በ2008 በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ለዚሁ በሽታ የታሰበ ነበር። ከዚያ በፊት ነጋዴ ጆንያውን እየወጋ ካላየ ወይም ሻጩን በግል ካላወቀ ለመግዛት ይፈራ ነበር። ምርት ገበያው እህሉንና ቡናውን በመጋዘን ተቀብሎ መዘነ፣ ደረጃ ሰጠ፣ የዕለቱን ዋጋም በገጠር ከተሞች በሰሌዳ አሳየ። ዋጋ ሳያውቅ መንገድ ላይ የሚሸጠው ባለዕቃ ዋጋውን እንዲያውቅ ማድረግ የተለቂ ክልከላ ዓላማ ነበር።

ሆኖም በቡና ላይ ሌላ ነገር ታየ። ቡናው በአካባቢና በደረጃ ሲደባለቅ ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደመጣ የሚያሳየው ነገር ጠፋ። የውጭ ገዢዎች፣ በተለይ ለልዩ ቡና ጥሩ የሚከፍሉት፣ ይህን ማወቅ ይፈልጉ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. በተደረገው ማሻሻያ የቡናው ምንጭ ተለይቶ የሚታወቅበት መንገድ ተከፈተ። አንዱን መረጃ ወደ ላይ ስናወጣ ሌላውን ወደ ታች እንዳንቀብር መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ ከዚህ እንማራለን።

ለወጣቱ የሰጠሁት ሁለተኛ መልስ

ወጣቱን በሚቀጥለው ጁሙዓ ፈልጌ አገኘሁትና የመጀመሪያው መልሴ ጎደሎ እንደነበር ነገርኩት። ጀሪር ቢን ዐብዲላህ (ረ.ዐ.) ዕቃ ሲሸጡ እንከኑን ለገዢ እያሳዩ ምርጫ ይሰጡ እንደነበር ኢማሙ ገዛሊ በ“ኢሕያእ” ጠቅሰዋል። እንዲህ ካደረግህ አንድም ነገር አትሸጥም ሲሏቸው፣ ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቃል የገቡት ለሙስሊም ሁሉ ቅን ሊሆኑ እንደሆነ መለሱ። ያ ወጣት የሚሰማው ወቀሳ ያኔም ይሰማ ነበር።

ከዚያ ወደ ሥራው ገባን። ከቻልክ ለገዢ የመመለስ መብት ስጥ አልኩት፤ የሚቀላቅል ሰው ይህን ቃል ለመስጠት ይፈራል፤ አንተ አትፈራም። ማሩ ከየት ቀበሌ፣ ከማን እንደመጣ በግልጽ ጻፍ። እንዳንተ ንጹሕ የሚሸጡትን ፈልገህ ተሰባሰቡ፤ ከመካከላችሁም እንደ ዓሪፍ የሚፈትሻችሁ ታማኝ ሰው ምረጡ። ከመካከላችሁ የሚቀላቅል ቢገኝ እርሱ ያውጣው እንጂ አይሸፍንለት። የሚመለከተው የመንግሥት አካል ሲመጣም ደስ ብሏችሁ በራችሁን ክፈቱ፤ ምርመራ ለሐቀኛ ነጋዴ ጠላቱ አይደለም።

የተቀረው ሸክም ግን በርሱ ላይ ብቻ የሚጫን አይደለም። ኢማሙ ገዛሊ ሌላ ታሪክም አላቸው። ዋሲላ ቢን አስቀዕ (ረ.ዐ.) በቆሙበት አንድ ሰው ግመል በ300 ዲርሃም ሸጠ። ገዢው ከሄደ በኋላ ዋሲላ ሮጠው ደረሱበትና ለእርድ ነው ወይስ ለጉዞ የገዛሃት ብለው ጠየቁት። ለጉዞ ሲላቸው ሰኮናዋ ላይ ቀዳዳ እንዳየሁ፣ ረጅም መንገድ እንደማትችል ነገሩት። ገዢው ተመልሶ 100 ዲርሃም ተቀነሰለት። ሻጩ ንግዴን አበላሸህብኝ ብሎ ተማረረ። ዋሲላም ጀሪር የመለሱትን መልስ መለሱለት።

ዋሲላ ሻጭም ገዢም፣ ሙሕተሲብም አልነበሩም። አይተው ያወቁ ሰው ብቻ ነበሩ። የጎረቤቱ ሱቅ ምን እንደሚቀላቅል የሚያውቅ፣ በማድ ቤቱ የሚሠራ፣ ጆንያውን የሚሸከም፣ ዕቃውን የሚያመላልስ ከመካከላችን ስንት ሰው አለ? ሹም ሁሉን ቦታ አይደርስም፤ ሹሙም ራሱ ሊሸጥ እንደሚችል ከካይሮ ተምረናል። ያወቀው ዝም ሲል ሐቀኛው ነጋዴ ብቻውን ይቀራል።

ወጣቱ ሱቁን አልዘጋም። ሦስት ሆነው ጀምረዋል፤ ገቢያቸው ገና እንደ ድሮው አይደለም። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የገዙትን ማር ሳይከፍቱ መልሰው አመጡለት። ለምን ብሎ ሲጠይቃቸው፣ “ትመልስ እንደሆነ ልይህ ብዬ ነው” አሉት። ገንዘባቸውን መለሰላቸው። እርሳቸውም ማሩን ደግመው ገዝተውት ሄዱ።

አላህ (ሱ.ወ.) ሐላል ሪዝቅ ከሚፈልጉት፣ እንከናቸውን ከማይደብቁት ባሮቹ ያድርገን፤ ያወቅነውንም ለመናገር ድፍረት ይስጠን። አሚን።